መኪናዬን ላውስ ወይስ አላውስ? ለወዳጅ ዘመድ ቁልፍ ከመስጠት በፊት የሚነጻጸሩ አምስት አማራጮች

ጥር ሲገባ ስልኬ ይበዛል። የአጎቴ ልጅ ሊያገባ ነው። የጓደኛዬ ወንድም ለጥምቀት ከውጭ መጥቷል። የእህቴ ልጅ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ያቺን መኪና አንዴ ልንዳት?»

ያቺ መኪና ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ ናት። ሞተሯ 1.8 ሊትር፣ ማርሿ ማንዋል። እጄ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ስፖርት መኪና ያለን ሰዎች ጥቂት ነን። ስንገናኝ ወሬው በጎማና በዘይት ይጀምርና እዚሁ ጥያቄ ላይ ያርፋል። ማንን እናስነዳ? ማንን እንከልክል?

እስካሁን ባየሁት አብዛኞቻችን የምንወስነው በይሉኝታ ነው። ሰውየው ፊታችን ቆሞ እጁን ሲዘረጋ እምቢ ማለት ያቅተናል። ቁልፉን እንሰጣለን። እስኪመለስ ድረስ እህል አይወርድልንም። ይህን የምጽፈው ውሳኔው ጠያቂው ከመምጣቱ በፊት፣ ቤታችን ቁጭ ብለን እንዲያልቅ ነው። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን፣ ቀጥሎ አማራጮቹን እንይ።

እዚህ አገር ጉዳዩ ለምን ይከብዳል

ሴሊካ መመረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሮጌ ስፖርት መኪና ከተሰበረች ምትኳን ማስመጣት የሚባል ነገር የለም። ያለችው ያችው ናት።

የመለዋወጫው ነገርም አለ። የኔዋ ሞተር በዚያው ዘመን ኮሮላ ላይ የተገጠመው ዓይነት ስለሆነ ፊልትሮና ቺንጋ አያስቸግረኝም። የፊት ባምፐር፣ የፊት መብራት፣ የበር መስታወት ግን ሌላ ነገር ነው። ከአዲስ አበባም ሲጠፋ ከውጭ በሻንጣ የሚያመጣ ሰው መለመን ይመጣል። ኮሮላ ላይ የሁለት ቀን ሥራ የሆነች ግጭት ሴሊካን ለወራት ጋራዥ ታስቀምጣታለች።

ከተማችንም የራሷ ጠባይ አላት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። መኪናዋን የማያውቅ ሰው ዳገት ላይ «ይቺ ናት ስፖርት መኪና?» ብሎ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። ቁልቁለቱ ሲመጣ ግን መኪናዋን የሚስባት ክብደቷ ነው፤ ክብደቷን ደግሞ ከፍታው አይቀንሰውም። ፍጥነቱ ሳይታወቀው ይጨምራል። እንግዳ እጅ የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ደግሞ ኮብልስቶኑ፣ ቦዩ፣ ያለ ምልክት የተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከየጎኑ ብቅ የሚለው ባጃጅ አለ። የኔዋ ሆዷ ከመሬት ያለው ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ቪትዝ ወይም ፒክአፕ የለመደ ሰው ይህን አያስበውም።

መመዘኛዎቹ

*ሕጉና መድኑ።* ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ስለሆነ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ተሽከርካሪ በሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ሲነዳ የነበረው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ባለቤቱን ነፃ ከሚያወጡት ጥቂት ነገሮች አንዱ መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳቱ ነው። ቁልፉን በእጃችሁ ከሰጣችሁ ግን ተሰረቀብኝ ማለት አይቻልም። የአክስት ልጅ ለአንድ ሰዓት ወስዶ ሰው ቢገጭ፣ ተጎጂው እናንተን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

የሶስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ ሁላችንም አለን። እሱ ግን የሚክሰው ሌላውን ሰው ነው፤ ያውም እስከ ተወሰነ ገንዘብ። የራሳችሁን መኪና አያሠራም። የራሳችሁን የሚሸፍነው ሙሉ ኢንሹራንስ ነው። እሱ ካላችሁ ውሉን አውጡና ሦስት ነገር ፈልጉ።

የመጀመሪያው ማን እንዲነዳ እንደተፈቀደ ነው። «ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሾፌር» ይላል ወይስ በስም ይዘረዝራል? ለጀማሪ ሾፌር የተለየ ቅድመ ሁኔታ አለው? መንጃ ፈቃድ የሌለው ወይም የሰከረ ሰው ሲነዳ በመኪናችሁ ላይ ለሚደርስ ጉዳት መድን ድርጅት አይከፍልም፤ እዚህ ላይ ማመንታት የለም። ከውጭ የመጣ ዘመድም የውጭ ፈቃዱን እዚህ ካላስቀየረ እንደሌለው ቁጠሩት።

ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ እናንተ የምትችሉት ድርሻ ስንት እንደሆነ ነው።

ሦስተኛው መኪናው በስንት ብር ዋስትና እንደተገባለት ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዋጋ ተሰቅሏል፤ ውሉ ግን በድሮው ዋጋ ይታደሳል። ስሌቱን በምሳሌ ልበላችሁ። መኪናዋ ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር ታወጣለች እንበል። የተመዘገበችው ግን በ1 ሚሊዮን ነው። የ200 ሺህ ብር ጥገና ቢመጣ፣ ከዋጋ በታች የተገባ መድን በተመጣጣኝ ስለሚከፍል የምታገኙት 100 ሺህ ያህል ነው። ከዚያም ላይ ድርሻችሁ ይቀነሳል። ቀሪው ከኪሳችሁ ነው።

*ችሎታ።* ዝምድና ችሎታ አይደለም። መንጃ ፈቃድም ብቻውን ችሎታ አይደለም። እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ መኪናው ወደኋላ ይንሸራተትበታል? ሲነዳ ግራ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ ያሳርፋል? ቁልቁለት ሲወርድ ማርሽ ይቀንሳል ወይስ በፍሬን ብቻ ይይዛል? ይህን ለማወቅ በእናንተ መኪና መፈተን የለበትም። በራሱ መኪና ጋቢና ቁጭ ብላችሁ አሥር ደቂቃ ሂዱ፤ ሁሉም ይታያል።

የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ካላችሁ፣ እንደ ቢኤምደብሊው ወይም ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያለ፣ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ዝናብ በመታው ኮብልስቶን ላይ መታጠፊያ መሐል ነዳጅ ቢረግጥ ቂጧ ወደ ጎን እንደምትሸሽ ያውቃል? ካላወቀ ክረምቱን ሙሉ መልሱ እምቢ ነው።

*መንገዱና ቀኑ።* ያው ሰው በአንድ መንገድ ደህና ነድቶ በሌላው ሊያጠፋ ይችላል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሰውም አህያም መንገዱን ይሞላዋል። ጥር 10 እና 11 ወደ ቀሃ፣ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ መኪና ማሰብም አይገባም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ልጅ ዘሎ ሲገባ ሾፌሩ ፍሬን ሳይነካ በፊት የሚያልፈው ርቀት ይህ ነው።

*ማን ይከፍላል?* ጠያቂው የጎን መስታወት ቢሰብር መተካት የማይችል ከሆነ ዕዳው የእናንተ ነው። ይህን ቀድማችሁ ካልተቀበላችሁ አታውሱ።

*ዝምድናው።* መኪና ከተጎዳ በኋላ ዝምድናው ምን ይሆናል? እንደኔ ከሁሉም የሚከብደው መመዘኛ ይህ ነው። ለምን እንደምል ቁልፍ ስለመስጠት ስደርስ እነግራችኋለሁ።

አማራጭ አንድ፦ ለማንም አለመስጠት

ንጹሕ ሕግ ነው። «ይቺን መኪና ከኔ በቀር ሰው አይነዳትም» ካላችሁና ለሁሉም እኩል ከጸናችሁ ማንም አይቀየምም። ቅያሜ የሚመጣው ለአንዱ ሰጥታችሁ ለሌላው ስትከለክሉ ነው። ለእህት ልጅ ተፈቅዶ ለወንድም ልጅ ከተከለከለ ወሬው በሳምንት ውስጥ ቤተ ዘመዱን ያዳርሳል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እናንተ ድንገት ብትታመሙ መኪናዋን ከቆመችበት የሚያነሳ ሰው አይኖርም። ሁለተኛ፣ ደስታው ለብቻ ይሆናል። መኪና የሚወድ ሰው ደስታውን ማካፈል ይፈልጋል፤ እኔ ይህን አውቀዋለሁ።

አማራጭ ሁለት፦ እናንተ ነድታችሁ እነሱን ማሳፈር

ከጠያቂዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት መንዳት እንኳ አይደለም። መኪናዋ ውስጥ መታየት፣ ድምፅዋን መስማት፣ ጃን ተከል ዋርካ አካባቢ ፎቶ መነሳት ነው። አንድ ዙር ወስዳችሁ ብትመልሷቸው ጥያቄው በራሱ ይሞታል።

ቀላል ስለሆነ ብዙ አልልበትም። ስጋቱ ከዕለት ተዕለት መንዳታችሁ አይበልጥም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፤ ጋቢና የተቀመጠው ሰው «ንካት እስቲ!» ሲላችሁ አትንኳት።

አማራጭ ሦስት፦ አጠገባቸው ተቀምጦ ማስነዳት

ከአምስቱ የምወደው ይህን ነው። ግን ሥርዓት አለው።

መንገዱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። እኔ ከአዘዞ ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደውን እመርጣለሁ። ሜዳ ነው፣ ርቆ ይታያል፣ መዞሪያ አለው። የሥራ ቀን ጠዋት፣ ተማሪ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ። ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣውን ዳገት ብዙዎች ይመኙታል፤ ለሥዕል ያምራል፣ ለእንግዳ እጅ ግን አይሆንም። ኩርባ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ሲወርዱ ደግሞ ፍሬን ይግላል። ከከተማ መውጣትን በዚህ መመሪያ ጭራሽ አላስገባሁትም። ወደ ደባርቅም ሆነ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ በዚህ ዘመን የየዕለቱን የመንገድ ሁኔታ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለመዝናኛ ብሎ መውጣት አያስፈልግም።

ከከተማው መሐል እስከ አዘዞ እናንተው ንዱ። ሞተሩ ይሞቅላችኋል፤ እናንተም እየነዳችሁ ታሳዩአቸዋላችሁ። ስትደርሱ ቆማችሁ ቦታ ተቀያየሩ። ወንበርና መስታወት አስተካክሉላቸው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ማርሾቹን አንድ በአንድ እንዲያስገቡ አድርጉ። ከዚያ አንድ ስምምነት፦ «በቃ» ስል ያለ ክርክር ዳር ይዘን እንቆማለን። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሰው ጥንቃቄ የሚላላው ለመድኩ ብሎ ሲያስብ ነውና ከዚያ በፊት ጨርሱ።

አባቴን ያስነዳሁት በዚህ መንገድ ነው። አባቴ በጉልምስናው ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሊማሊሞን ጭነት ይዞ ስንት ጊዜ እንደወረደ አይቆጥረውም። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ መኪናዋን ሳጥብ መጥቶ ቆመ። አልጠየቀም። ኮፈኗን በመዳፉ ነካ አድርጎ ዝም አለ። «አባባ፣ ይንዷታል?» አልኩት። መነጽሩን ሊያመጣ ገባ።

አዘዞ ላይ መሪውን ሰጠሁት። ወንበሩ ዝቅ ስላለበት መጀመሪያ ተቸገረ። ከተነሳ በኋላ ግን ዝም ብዬ አየሁት። እያንዳንዱን ማርሽ ሳይቸኩል ነው የሚያስገባው። ትንሿ ቁልቁለት ላይ ገና ሳንደርስ ወደ ሦስተኛ ቀነሰ። ፍሬን የነካው ለመቆም ብቻ ነው። ሲወርድ «ልጅ ናት፣ ግን ትሰማለች» አለኝ። እድሜው ሰባዎቹን አልፏል። ዓይኑ እንደ ድሮው አይደለም፤ ስለዚህ ቁልፉን ሰጥቼ ብቻውን አልሰደውም። አጠገቡ ተቀምጬ ግን እንደሱ አድርጎ የነዳት ሰው አላጋጠመኝም። አማራጭ አንድን ይዤ ቢሆን ያን ቀን አላገኘውም ነበር።

አማራጭ አራት፦ ቁልፍ ሰጥቶ መሸኘት

የገባሁትን ቃል እዚህ ላይ ልፈጽም። ከአራት ዓመት በፊት ለአክስቴ ልጅ መኪናዋን ለአንድ ቀን ሰጠሁት። ጥሩ ልጅ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለው፣ የራሱን ቪትዝ ይነዳል። ማታ ስልክ ደወለ። «መኪናዋ ድምፅ ታሰማለች» አለኝ። ስደርስ ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ተሰንጥቋል። ከቀትር በኋላ ጉብታ ላይ መትቷት ዘይቱ ሲንጠባጠብ ውሏል። ቀይ የዘይት መብራት በርቶ ነበር። ቤንዚን መስሎት ማደያ ሄዶ ሞልቶ ቀጠለ።

የኔዋ ሞተር የምትይዘው ዘይት 3.7 ሊትር ነው። የዚህ ሞተር የመጀመሪያ ዓመታት ሥሪቶች ደግሞ ዘይት የመጠጣት አመል ስላላቸው በየሳምንቱ እለካለሁ። እሱ ይህን አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሞተሩ ተፈቶ ውስጡ ሲታይ የሞተሩን ዘንግ የሚደግፉት ብሮንዚናዎች ተቃጥለው ነበር። መድን ድርጅቱ የኮፓውን መሰንጠቅ ተቀብሎ የሞተሩን አልተቀበለም፤ መብራቱ በርቶ መነዳቱን ምክንያት አደረገ። ልጁ አዘነ፤ ከደሞዙ ሊከፍል ሞከረ፤ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣም። ጠርቼዋለሁ፣ አልተቀየምኩህም ብዬዋለሁ። ያፍራል። አክስቴ ቤት በዓል ስንሄድ እሱ ሌላ ቦታ ይውላል። ሞተሯን በዓመቱ አሠራኋት። እሱን እስካሁን አልመለስኩትም።

ለዚህ ነው ዝምድናን ከባዱ መመዘኛ ያደረግሁት።

የግድ ቁልፍ የምትሰጡ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጉ። መድኑን፣ ቦሎውንና መንጃ ፈቃዱን አብራችሁ እዩ። አራቱንም ጎን፣ ቸርኬዎቹንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። የት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ በመልእክት ይጻፍላችሁ። መብራቶቹን አሳዩት፤ ቢጫ ማለት «ስትመለስ ንገረኝ»፣ ቀይ ማለት «አሁኑኑ ዳር ይዘህ ሞተር አጥፋና ደውል»። ቤንዚን ሞልታችሁ ስጡት፤ ካለበለዚያ ሰልፉን ፈርቶ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ይቀዳባታል፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። መሪውን ለሌላ ሰው አሳልፎ እንዳይሰጥ ንገሩት፤ ጓደኛ ለጓደኛ የሚያቀብለው ቁልፍ መጨረሻው አይታወቅም። ግጭት ከደረሰ መኪናውን ሳያንቀሳቅስ ትራፊክ ፖሊስ ይጥራ፤ ለእናንተም ወዲያው ይንገር።

ቁልፍ የሚሰጠው ለዘመድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለእጥበት ቤት ልጆችና ለጋራዥ ረዳቶችም እንሰጣለን። እዚያ መኪናዋን ወደ ቦታዋ የማስገባውና የማወጣው ራሴ ነኝ።

አማራጭ አምስት፦ አንድ ሰው መርጦ ቋሚ ሁለተኛ ሾፌር ማድረግ

የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም፣ እህት። አንድ ሰው ብቻ። በመድን ውሉ ላይ ስሙ ይገባል። አማራጭ ሦስትን ደጋግሞ ያልፋል፤ በክረምትም በበጋም፣ በቀንም በማታም። ዘይት መለካት፣ የጎማ ንፋስ ማየት፣ ሞተር ሲሞቅ ምን እንደሚደረግ ይማራል።

ጊዜ ይወስዳል። እኔና ባለቤቴ አራት ወር ገደማ ፈጅቶብናል። አሁን ግን መኪናዋ ላይ እንግዳ ድምፅ ካለ ከኔ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። የኔ ስልክ ቢዘጋ፣ እኔ ሆስፒታል ብተኛ፣ መኪናዋ ሰው አላት። ከማልጸጸትባቸው ውሳኔዎቼ አንዱ ነው።

አምስቱ ጎን ለጎን

| አማራጭ | ሕግና መድን | በመኪናዋ ላይ ያለ ስጋት | በዝምድና ላይ | የሚጠይቀው ወጪና ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| ለማንም አለመስጠት | ምንም አይጨምርም | ዝቅተኛ | ለሁሉም እኩል ከሆነ ይቻላል | የለም |
| ነድቶ ማሳፈር | ምንም አይጨምርም | ዝቅተኛ | ያቀራርባል | ትንሽ ቤንዚን፣ የራስ ጊዜ |
| አጠገብ ሆኖ ማስነዳት | ፈቃድና ሙሉ ኢንሹራንስ የግድ | መካከለኛ፣ በመንገድ ምርጫ ይቀንሳል | ከሁሉም በላይ ያስደስታል | ግማሽ ቀን |
| ቁልፍ መስጠት | ኃላፊነቱ በባለቤቱ ላይ፣ ውሉ ሊያግድ ይችላል | ከፍተኛ | ጉዳት ከደረሰ ሊያቆራርጥ ይችላል | የመድን ድርሻና የጥገና ተቀማጭ |
| ቋሚ ሁለተኛ ሾፌር | በውሉ ስም ማስገባት | ከሥልጠና በኋላ ዝቅተኛ | መተማመን ይጨምራል | ወራት፣ ምናልባት ተጨማሪ አረቦን (ለመድኑ የሚከፈል) |

ለማን የቱ ይሻላል

የሶስተኛ ወገን መድን ብቻ ካላችሁ ከአማራጭ ሁለት አትለፉ። ሌላ ምክር የለኝም።

ሙሉ ኢንሹራንስ ኖሯችሁ በአሮጌ ዋጋ የተመዘገበ ከሆነ መጀመሪያ ዋጋውን አስተካክሉ። አረቦኑ ይጨምራል። እስኪስተካከል መሪው በእናንተ እጅ ይቆይ።

ሙሉ ኢንሹራንስ በዛሬ ዋጋ ያላችሁ አማራጭ ሦስትን በደስታ ተጠቀሙ። አማራጭ አራትን ከማሰባችሁ በፊት ግን ይህን ራሳችሁን ጠይቁ፦ የመድን ድርሻዬንና አንድ ባምፐር ከተዋሹ አምስት ሳንቲም ሳልጠይቅ ዛሬ መክፈል እችላለሁ? ከቻላችሁ ስጡ። ካልቻላችሁ እሱም አይችልም።

ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለ፣ ቪትዝም ሆነ ያሪስ፣ ለሚቸገር ዘመድ እሱን አውሱ። መኪና የሌለው ሰው የሚፈልገው መድረስ ነው፤ በምን እንደሚደርስ ብዙም አይገደውም። ሌላ መኪናም ከሌለ ለኮንትራት ታክሲ የሚሆን ብር ስጡት። ከአንድ ቀለም ቅብ ይረክሳል።

አዲስ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ወጣት ሁለት ዓመት ጠብቅ በሉት፤ ቀኑን ቆጥራችሁ ስጡት። ተስፋ ያለው ክልከላ ልጁን አያስከፋውም። የእህቴ ልጅ ቀኑን ስልኩ ላይ መዝግቦታል። ከውጭ ለመጣ ዘመድ ደግሞ ከሁሉ በፊት ማንዋል መንዳቱን ጠይቁ። አውቶማቲክ ብቻ የነዳ ሰው በጎንደር ዳገት ላይ ፍሪሲዮን እያቃጠለ መማር የለበትም።

ስለ ሠርግ ለብቻው

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ፣ ለሙሽራ መኪና የሚመጣው ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ለስፖርት መኪና ከሠርግ የሚከብድ ቀን የለም። አጀቡ በእግር ፍጥነት ይሄዳል፤ ራዲያተሩ ነፋስ አያገኝም፤ ፍሪሲዮኑ ግማሽ ተረግጦ ይውላል። አበባና ሪባን በፕላስተር ይለጠፋል፤ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ቀለም ይዞ ይነሳል። ቪዲዮ ቀራጩ ኮፈኗ ላይ ልቀመጥ ይላል። ጠላና አረቄ የቀመሰ ሚዜ መሪውን ይዞ ማየትም አዲስ ነገር አይደለም።

ለሠርግ ቁልፍ አልሰጥም፤ እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ሸሚዝ ለብሼ ሙሽሮቹን እይዛለሁ። ሪባኑ በገመድ ከበር ወደ በር ይታሰራል፤ በፕላስተር አይለጠፍም። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ካለፈ አጀቡን አስቁሜ አሳርፋታለሁ። ድግሱ ላይ የምጠጣው ውሃ ነው። እስካሁን ሰባት ጥንዶች ወስጃለሁ፤ አንዷም ጭረት አልተጨመረባትም።

እምቢታው እንዴት ይነገር

ቃሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን። ፊት ለፊት ስትሆኑ መፈለግ ያስጨንቃል። ለጓደኛና ለእኩያ ዘመድ የምለው፦ «ወንድም ዓለም፣ ቁልፏን ይዘን የምንወጣው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። የት ልውሰድህ?» እውነት ስለሆነ አይከብደኝም። ለታላቅ ሰው፦ «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ልሁን ሾፌርዎ። ማክሰኞ ጠዋት አዘዞ ሄደን እርስዎ ይነዷታል።» ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ደጃቸው ላይ ተገኙ።